ማንቆርቆሪያውን አልቀበልም

ጥይት የፎቶ ኮፒ ማሽኑን ሆድ ከፍታ የተጨማደደ ወረቀት እየጎተተች ሳለ ስልኳ ጠራ። በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ቀርቅራው «ሃሎ» ሳትል የታላቅ እህቷ ድምፅ ቀደማት።

«ነገ ጠዋት ሦስት ሙሽሮች አሉብኝ። ቬሎዎቹ አልተተኮሱም። ትመጪያለሽ አይደል?»

«እቴቴ፣ አሁን ፈተና ልገባ ነው እኮ!»

«እሱንማ አውቃለሁ። ከፈተናው በኋላ ነው የምልሽ። ባለፈውም እንዲሁ ፈተና ብለሽ ሄደሽ፣ ተመልሰሽ ካውያ ይዘሽ ስታለቅሺ አልነበር?»

«አላለቀስኩም። የካውያው እንፋሎት ነው።»

«እሺ፣ እንፋሎቱ አልቅሷል። ለማንኛውም ቁልፉን ጎረቤት ጋ እተውልሻለሁ።»

ጥይት ስልኩን ዘጋችና ማሽኑን በጡጫ መታችው። ማሽኑ ከእህቷ ይልቅ ሰው አክባሪ ሆኖ ተገኘና ወረቀቱን ለቀቀላት።

«ጥይት» ያሏት አብረዋት የሚሰለጥኑት ናቸው። አንድ ነገር ሲነካት ከአፏ የሚወጣው ቃል ስለማይመለስ ነው። በእህቷ የሙሽራ ልብስ ኪራይ ሱቅ ውስጥ ዓመታት ያሳለፈችው የሰው ሠርግ ስትተኩስ ነው። አሁን እንግሊዝኛ ለአዋቂዎች ማስተማር እየሰለጠነች ነው። የመጨረሻውን የማስተማር ልምምድ ካለፈች ተቋሙ የማታ ክፍል ሊሰጣት ቃል ገብቷል። ከወደቀች ካውያው አለ። የመጀመሪያውን ሙከራ ወድቃለች። ተማሪ ለመመለስ ትንሽ ሲዘገይ አላስችል ብሏት ራሷ ትመልስለት ነበር። ተቆጣጣሪው በግምገማው ላይ የጻፈባት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «አስተማሪዋ ጥሩ ተለማመደች፤ ተማሪዎቹም በትዕግሥት አዳመጧት።» ያቺን መስመር ባስታወሰቻት ቁጥር ጥርሷን ታፋጫለች። እውነት ስለሆነች ደግሞ ይበልጥ ታናድዳታለች።

ሰልጣኞቹ የሚለማመዱባቸው ተማሪዎች አይከፍሉም። ክፍያቸው ራሳቸው ናቸው፤ ለተለማማጅ ፀጉር አስተካካይ ጭንቅላቱን በነጻ እንደሚሰጥ ሰው። አንዱ ሰልጣኝ ላጭቶ ሲሄድ ሌላው መቀስ ይዞ ይመጣል። መጽሐፉ ግን ያው አንድ መጽሐፍ ነው። አዲስ ሰልጣኝ በመጣ ቁጥር ከዚያችው ምዕራፍ ይጀመራል። ይህን ያሰበ ሰው ስብሰባ ላይ ተቀምጦ፣ አስቦ፣ ደሞዝ ተቀብሎበታል። ተማሪዎቹ ሰው ሆነው ማስታወስ ይችሉ እንደሆነ የጠየቀ ግን የለም።

ክፍሉ ውስጥ ወንበሮቹ በግማሽ ክብ ተደርድረዋል። መስኮቱ ጋራዥ ስለሚያይ አልፎ አልፎ መዶሻ ይሰማል። ከኋላ ጥግ ላይ ተቆጣጣሪው የግምገማ ቅጹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ሰልጣኞቹ «ማኅተም» ይሉታል፤ ትምህርት ሲጀመር ከንፈሩ ይታሸጋል፣ እስኪያልቅም አይከፈትም።

ልብስ ሰፊው፣ የክፍሉ ሽማግሌ፣ ወደ ጥይት ጠጋ አለና በሹክሹክታ «አይዞሽ ቲቸር» አላት። «ዛሬ ስምሽን እናስጠራዋለን።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ብቻ ዘና በሉልኝ።»

«እኛማ ዘና ብለናል። አንቺ ነሽ ወረቀትሽን ገልብጠሽ የያዝሽው።»

ዕቅዷ ፈገግታዋ ሳይቀር ቦታ የተመደበለት ነበር። መጀመሪያ ሥዕል ማሳየት፤ ቀጥሎ ጥያቄ መጠየቅ፤ ከዚያ መጠበቅ። መጠበቅ የሚለውን በቀይ አስምራበታለች። ሥዕሉን ሰሌዳው ላይ ለጠፈችው፤ ከሥሩ ውሃ የሚንጠባጠብበት የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ። የዛሬው ትምህርት የተበላሸ ዕቃ ለሱቅ መመለስ ነው።

አፏን ሳትከፍት ከተማሪዎቹ አንዱ የሆነው የታክሲ ሹፌር ብድግ አለ። በእንግሊዝኛ፣ አየር ሳይስብ ለቀቀው።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ይህን ማንቆርቆሪያ ማክሰኞ ዕለት ከእርስዎ ገዝቼው ነበር፤ ነገር ግን ከታች ያፈሳል፤ ደረሰኙ ይኸውና፤ ገንዘቤ እንዲመለስልኝ እፈልጋለሁ።»

ልብስ ሰፊው ከተቀመጠበት አንዴ ሳል አለና ተቀበለው፤ «በጣም እናዝናለን። ገንዘብዎ ይኸውልዎት። መልካም ቀን።»

ሹፌሩ በኩራት ተቀመጠ። የጥይት ዕቅድ በአንድ ትንፋሽ አለቀ።

«ጎበዝ» አለች። ወደ ሁለት ልጃገረዶች ዞረች። እነሱም ያንኑ አሉ። ባለሱቅ የሆነችው ልጅ «በጣም እናዝናለን» ከማለቷ በፊት ሳል አለች። ቀጥሎ የመጡት ጥንዶችም እዚያው ቦታ ላይ ሳሉ። መጽሐፉ ውስጥ ሳል የለም።

ጥይት ወደ ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብላ በቋንቋቸው «ተለማምዳችሁ ነው እንዴ የመጣችሁ?» አለችው።

«ትናንት ሱቄ ውስጥ፣ ሁላችንም» አላት ፊቱ እያበራ። «እንዳታፍሪብን ብለን።»

ደሟ ወደ ላይ ሲወጣ ታወቃት። በፍቅር ነው ያደረጉት፤ በእነሱ ላይ ልትቆጣ አትችልም። ግን ያልቻሉትን ሊችሉ የመጡ ሰዎች የቻሉትን ቢደግሙላት እሷ እዚህ ምን ትሠራለች? ሰልጣኞቹ «ለስላሳው» የሚሉት ባልደረባዋ ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ክፍል አስተምሮ አጨብጭቦላቸው፣ አጨብጭበውለት፣ አልፎ ወጥቷል። እሷም ማጨብጨብ ትችላለች። እጅ አላት። ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ድገሙት ብላ፣ ፈገግ ብላ፣ አመስግና መውጣት።

ዓይኗ ጥግ ላይ ከተቀመጡት ጡረተኛ ነርስ ላይ አረፈ። ሁሉም «ሲስተር» ይሏቸዋል። ሌላ አገር የሚኖር ልጃቸው ያገባት ሴት እንግሊዝኛ እንጂ ሌላ አትሰማም። ልትጠይቃቸው እየመጣች ነው። «ከምራቴ ጋር እንደ ድመትና ውሻ ዓይን ለዓይን ስንተያይ ልንከርም ነው?» ብለው ነው የተመዘገቡት።

«ሲስተር፣ ማንቆርቆሪያው የት ጋ ነው የሚያፈሰው?» አለቻቸው በእንግሊዝኛ።

ሲስተር በሙሉ ልብ «ማክሰኞ» ብለው መለሱ።

ከኋላ የማኅተም ብዕር ወረቀት ላይ ሲንሸራተት ተሰማ። ካፈርኩ አይመልሰኝ አለች በልቧ። የአስተማሪውን ጠረጴዛ እየጎተተች መሃል ክፍል አመጣችው፤ ከጀርባው ቆማ ሁለት እጇን አስደግፋ በእንግሊዝኛ «ሱቁ የእኔ ነው። ማነው ባለ ማንቆርቆሪያ?» አለች።

ሹፌሩ ደስ ብሎት መጣና ያንኑ አንበለበለው። ማክሰኞ፣ ከታች፣ ደረሰኝ፣ ገንዘብ። ከዚያ እጁን ዘረጋ።

«አይሆንም» አለችው።

ሹፌሩ ያልሰማች መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ከመጀመሪያው ጀመረ።

«ሰምቻለሁ። አልቀበልም። ማንቆርቆሪያውን የሰበርከው አንተ ነህ።»

ሹፌሩ ዞሮ ልብስ ሰፊውን አየው። ልብስ ሰፊው ትከሻውን ነቀነቀ። መጽሐፉ እዚህ ጋ አልቆ ነበር።

  ጥይት ምላሷ ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር ተደርድሮ መጣባት፤ ለሹፌሩ ልታቀብለው፣ ልታድነው፣ ራሷንም ልታድን። የማርከሩን ክዳን በጥርሷ ነከሰች። ዝም ማለት ቬሎ ከመተኮስ ይልቅ ላብ ያወጣል።

ወንበር ተንኳኳ። ሲስተር ቦርሳቸውን ይዘው መጡና ጠረጴዛው ላይ እንደ ማንቆርቆሪያ አኖሩት። አኖሩት አይባልም፤ ፈጠፈጡት።

«አንቺ» አሉ በእንግሊዝኛ፣ ጣታቸውን ቀስረው። «አንቺ ውሸት! እኔ ሻይ የለም! መሬት... መሬት ሻይ ጠጣ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ጥይት ፊቷን አላላችም።

«መሬቱ ሻይ ከወደደ እኔ ምን ላድርግ?»

«ፖሊስ!» አለ ሹፌሩ ነፍሱ ተመልሳ።

«ጥራው። ለፖሊሱም ማንቆርቆሪያ እሸጥለታለሁ።»

«ቲቸር፣ ቲቸር!» ልብስ ሰፊው እጁን አወጣ፤ ንዴቱ እንግሊዝኛውን አስጥሎት በቋንቋቸው ሆነ። «‹ታታልያለሽ› በእንግሊዝኛ ምንድን ነው? ቶሎ በይ፣ ሳይበርድልኝ!»

ሰሌዳው ላይ ጻፈችለት። አንዷ «ሰበብ አታብዢ» የሚለውን ጠየቀች። ሌላዋ «አለቃሽን ጥሪልኝ» የሚለውን። ሹፌሩ «ሁለተኛ ከዚህ ሱቅ አልገዛም» የሚለውን በልምምጥ ለመነ። የጠየቁትን እንጂ ያልጠየቁትን አልሰጠቻቸውም። ከዚያ ክፍሉን ለሁለት ከፈለችው፤ ግማሹ ባለሱቅ፣ ግማሹ ባለ ማንቆርቆሪያ። ጩኸቱ ኮሪደሩን ሞላው። ዘበኛው በሩን ገፋ አድርጎ አንገቱን አስገባ።

«ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው፤ እየተማርን ነው» አለው ልብስ ሰፊው ሳይዞር፣ በሹፌሩ ላይ እጁን እያወናጨፈ።

መጨረሻ ላይ ጥይት ወደ ሲስተር ተመለሰች። «እመቤቴ፣ ለመሆኑ የት ጋ ነው የሚያፈሰው?»

«ከታች» አሉ ሲስተር። ቆም ብለው ሰሌዳውን አዩ፤ ከዚያ ሰሌዳውን ትተው እሷን አዩ። «ከጎንም፣ ትንሽ። አለቃሽን ጥሪልኝ። ሰበብ አልፈልግም።»

ግምገማው የተሰበሩ ወንበሮች በሚከማቹበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ማኅተም ደህና ወንበር መርጦ ለእሷ ሰጣትና ራሱ የሚወዛወዘው ላይ ተቀመጠ።

«ዕቅድሽ ላይ ጠብ የለም» አላት።

«የለም።»

«ታዲያ ከየት መጣ?»

ለስላሳ መልስ ነበራት፤ ደረጃ ላይ ስትወርድ አዘጋጅታዋለች። አፏ ላይ ሲደርስ ጠፋት። «ተለማምደው ነው የመጡት» አለችው። «ትምህርቱን አስቀድመው ያውቁታል። ባስተምራቸው ማስመሰል ነው የሚሆነው።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ያ ማንቆርቆሪያ እፊቴ ስንት ጊዜ እንደተመለሰ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ሳሉንም አውቀዋለሁ። ልብስ ሰፊው አንድ ሰሞን ጉንፋን ይዞት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሳይስል ገንዘብ የሚመልስ ባለሱቅ አላየሁም።»

ጥይት ከወንበሯ ተነሳች። ውጤቷ በዚህ ሰው እጅ እንዳለ አልጠፋትም፤ ግን ንዴቷ ከእሷ ቀድሞ ቆሟል።

«ካወቁ ለምን ዝም አሉ?»

«ዝም አይነቅዝም ይባላል።»

«ተማሪ ግን ይነቅዛል! ሰዎች ከሥራ ደክመው፣ ልጅ ለጎረቤት ሰጥተው እየመጡ አንድ ማንቆርቆሪያ ሲመልሱ እየኖሩ ነው። ሴትዮዋ ‹የት ጋ› ስትባል ‹ማክሰኞ› ትላለች። እርስዎ ደግሞ ከኋላ ቁጭ ብለው ‹ጥሩ› ብለው ይጽፋሉ!»

ማኅተም መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጫፍ ጠረገው። ጠርጎ ሲጨርስ እንደገና ጠረገው።

«ተቀመጪ» አላት። «አልፈሻል።»

ተቀመጠች። ደስታው ግን ገና አልደረሰም ነበር፤ ንዴቱ መንገድ ዘግቶበታል።

«አንድ ነገር ይቀራል» አለ፣ ባዶ የዕቅድ ወረቀት ወደ እሷ እየገፋ። «ከላይ ያሉት ገምጋሚዎች ክፍል አይገቡም፤ ወረቀት ነው የሚያዩት። ዕቅድሽና ያስተማርሽው ካልገጠመ ፋይልሽን ሊመልሱት ይችላሉ፤ ያኔ የማታው ክፍል ለሌላ ይሰጣል። እና እንዳሰብሽበት አድርገሽ እንደገና ጻፊው። ጠቡን ‹ነጻ ልምምድ› በይው። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

ሁሉም። ያቺን ቃል የሱቅ ደንበኞችም ይወዷታል፤ ቬሎ ላይ እድፍ አድርገው ሲመልሱ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው ይላሉ። ጥይት ብዕሩን ተቀበለችው። የማታውን ክፍል አሰበች፤ በራሷ ስም የሚጠራ ሥራ፣ በራሷ ቁልፍ የሚከፈት በር። ከዚያ ደፋ ብላ ብዙ ሳትቆይ ጻፈችና ወረቀቱን መለሰችለት።

ማኅተም ጮክ ብሎ አነበበው።

«የመጀመሪያ ክፍል፦ ተማሪዎቹ ይህን ትምህርት ደጋግመው ስለተማሩት ሁሉንም በቃላቸው አሉት። ሁለተኛ ክፍል፦ አስተማሪዋ ተናደደች። ሦስተኛ ክፍል፦ ተማሪዎቹም ተናደዱ፤ በእንግሊዝኛ።»

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጥይት መጀመሪያ ያመመው መሰላት። ሳቅ ነበር፤ ከንፈሩ እንደታሸገ በአፍንጫው የሚወጣ፣ ብዙ ጊዜ ያልተነካ ሳቅ።

«ይህ ከሄደ እኮ» አለ ዓይኑን እየጠረገ፣ «መጀመሪያ የሚጠይቁት እኔን ነው። መጽሐፉ እስከ ዛሬ ለምን አልተቀየረም ይላሉ።»

«ይበሉ። ይቀየር።»

«ቢያንስ ‹ተናደደች› የምትለዋን ‹ስልት ቀየረች› ብንላትስ? አንዲት ቃል ናት። እንቅልፍ ታስተኛናለች፤ ሁለታችንንም።»

ጥይት ቃሏን ከሩቅ አየቻት። እውነትም ትንሽ ናት፤ በአንድ ሰረዝ የምትጠፋ። ደረጃው ላይ የተማሪዎቹ ጫጫታ ይሰማል፤ አሁንም እየተሰዳደቡ ነው፣ አንዳንዱን ቃል እየሳቱ።

«ተናደደች ነው የሚለው» አለችው፤ ብዕሩን አዙራ ወደ እሱ ዘረጋች። «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»