አርባ አምስት ደቂቃ እስከ ድሬዳዋ

የከባድ መኪና ሹፌሩ ሰብስቤ ልጆቹ ሲወለዱ አንድም ቀን አጠገባቸው ኖሮ አያውቅም። የመጀመሪያዋ ስትወለድ አዲጋላ ላይ ጎማ ይቀይር ነበር፤ ሁለተኛው ሲወለድ ደግሞ ደወሌ የድንበር ኬላ ላይ ተሰልፎ ነበር። ስለዚህ ሚስቱ ኤሌኒ ሦስተኛውን ስታረግዝ፣ «ይሄንንም በስልክ ከሰማህ ቤት እንዳትመጣ» አለችው። ቀልዷን አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት፣ ጅቡቲ ፒኬ 12 የመኪና ማቆሚያ ላይ ከጓደኛው ከታምሩ ጋር ፉል እየበላ ሳለ የኤሌኒ እህት የምስራች ከድሬዳዋ ደወለች።

«ኤሌኒን ምጥ ያዛት፤ ሆስፒታል ገብተናል!»

«ገና ሁለት ሳምንት ይቀራት የለም እንዴ?»

«እሱን ልጁን ጠይቀው!»

የሰብስቤ መኪና ወደብ ገብቶ ማዳበሪያ ለመጫን ተራ እየጠበቀ ነው። ባዶውን ቢነሳ እንኳ፣ ከኬላው ሰልፍ ጋር ቢፈጥን ቢፈጥን ማታ ነው የሚደርሰው። ታምሩ ቁልፉን ከእጁ መንጭቆ ወሰደበት።

«ተራህን እኔ እይዝልሃለሁ። ፓስፖርትህን ያዝና ወደ ኤርፖርት ሩጥ!»

ሰብስቤ በዕድሜው አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። እያለከለከ ቲኬት መሸጫው መስኮት ጋ ሲደርስ፣ ሁዳ የምትባል ጅቡቲያዊት አማርኛ እየሞከረች ተቀበለችው።

«ድሬዳዋ? በአራት ሰዓት ይነሳል። አንድ ቦታ ብቻ አለ።»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«አርባ አምስት ደቂቃ።»

«ኧረ እህቴ፣ ድሬዳዋ ነው ያልኩሽ! ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጉድጓዱን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ።»

ሁዳ ሳቀች። «እሱ የአንተ መንገድ ነው። አውሮፕላን ተራራ አይዞርም። በሰማይ ሁለት መቶ ስልሳ ቢሆን ነው።»

አውሮፕላኑ ሲነሳ ሰብስቤ አጠገቡ የተቀመጡትን አዛውንት፣ አቶ ጸሐዬን፣ ክንዳቸውን ለቀም አደረጋቸው። ባሕሩ ከኋላ ቀረ። ከዚያ ከታች መንገዱን አየና ፍርሃቱ ብን አለ።

«አባባ፣ የአሊ ሳቢህን ከተማ ይዩልኝ! እዚህ ለመድረስ እኮ ግማሽ ቀን የሚፈጅብኝ ጊዜ አለ!»

«እሺ ልጄ፣ ክንዴን ግን ልቀቀኝ» አሉት አዛውንቱ እየሳቁ።

ትንሽ ቆይቶ ግንባሩን መስኮቱ ላይ ለጠፈ። «ደወሌ! ኬላው! ሰልፉን አዩት?» መኪኖቹ እንደ ጉንዳን ተደርድረዋል። ሌሊቱን ሙሉ የሚያድርበትን ኬላ፣ አስተናጋጇ ሻይ ቀድታለት ሳትጨርስ አለፈው። ከኋላ የተቀመጡት ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ያዩ ጀመር።

ድሬዳዋ ወርዶ በባጃጅ ሆስፒታል ሲደርስ የምስራች ኮሪደሩ ላይ እየተንቆራጠጠች ነበር።

«ወለደች?»

«አልወለደችም፤ ግባ፣ ግባ!»

ነርሶቹ እጁን አስታጥበው አስገቡት። ኤሌኒ በላብ ተጠምቃ ቀና ስትል ዐይኗን ማመን አቃታት።

«ቅድም ጅቡቲ ነበርክ እኮ!»

«ቅድም ነበርኩ» አላት። እጁን እስኪደነዝዝ ድረስ ጨምቃ ያዘችው።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሴት ልጅ ተወለደች። አዋላጇ በፎጣ ጠቅልላ ስትሰጠው ሰብስቤ በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ተቀበላት።

«አጥብቀህ ያዛት እንጂ!» አለችው ኤሌኒ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም።

አጥብቆ ያዛት። አዋላጇ ሦስት ጊዜ እስክትጠይቀው ድረስም አልመለሳትም።