የወልደሥላሴ ሁለት ጠርሙሶች

ካሳሁን የመጀመሪያዋን ጠርሙስ ቡሽ በቀስታ ሲስብ፣ ሐመልማል ዓይኗን ከሁለተኛዋ ላይ ማንሣት አቃታት። ባሏ ወልደሥላሴ ከተቀበረ ሰባተኛ ቀኑ ነው። ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ያለውን ቤታቸውን ሞልቶት የሰነበተው ለቀስተኛ ተበትኖ፣ ለራት የቀሩት ሁለቱ የሟች ወዳጆች ብቻ ናቸው፤ ሾፌሩ ካሳሁንና ግንበኛው ንጋቱ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

ወልደሥላሴ እዚያው ካርቱም፣ አርካዊት የሚባል ሰፈር ውስጥ በአንድ የአውሮፓ ዲፕሎማት ቤት አሥራ ስድስት ዓመት አስተናግዷል። ካሳሁንም የዚያው ቤት ሾፌር ነበር። ፈረንጁ አገሩ ሲገባ ለወልደሥላሴ ሁለት ያረጁ የወይን ጠጅ ጠርሙሶች ሰጠው፤ አንዷ የፈረንሳይ፣ አንዷ የጣልያን፣ ሁለቱም ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው። መጠጥ የሚፈቀድበት ቀን ሲመጣ ከጓደኞቼ ጋር ራት በልተን እንቀምሳቸዋለን ይል ነበር። በዚያ ዘመን መጠጥ የተገኘበት ሰው የሚቀምሰው አርባ ጅራፍ ነው። ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ሙስሊም ላልሆነ ሰው በቤቱ መጠጣት ተፈቀደለት። ወልደሥላሴም የራቱን ቀን ቆረጠ። ሳምንት ሲቀረው ልቡ ቀጥ አለች።

ወይኑ በሻይ ብርጭቆ ተቀዳ። ቅላቱ ከእርጅና ብዛት ወደ ጡብ መልክ ሄዷል። ወልደሥላሴ በሕይወት ሳለ፣ ፈረንጁ ቤት ከቀመሰው ወይን ጠጅ ውስጥ የጫማ ቆዳና ዝናብ የነካው አፈር ሸተተኝ ባለ ቁጥር ወዳጆቹ ይስቁበት ነበር፤ ጫማ ለማሽተት ፈረንሳይ ድረስ ምን አስኬደህ ይሉታል። አሁን ንጋቱ አንዴ ተጎነጨ፣ ደገመ።

"ወላሂ አፈሩ አለ። ሰውየው አልዋሸም።"

ሐመልማልም ቀመሰች። መጀመሪያ ኮምጠጥ አለ፣ ኋላ እንደ ደረቀ ቴምር ለስልሶ ምላሷ ላይ ቆየ። ከቀብሩ ወዲህ የቀመሰችው ነገር ሲጣፍጣት ይህ የመጀመሪያው ነው። ደስ አላት፤ ደስ ማለቷም አላሳፈራትም። የሚያሳፍራት ሌላ ነበር።

ሁለተኛዋ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ከርከዴ ነው፤ ከቀይ አበባ የሚፈላ ሻይ።

ሕዝቡ ጎዳና በወጣበት ሰሞን ወታደሮች ሰፈሩን ቤት ለቤት ሲፈትሹ፣ ባሏ ሥራ ውሎ እሷ ብቻዋን ነበረች። ደንግጣ የጣልያኑን ቡሽ በቢላ ፈልቅቃ ወይኑን ሽንት ቤት ደፋችው። ወደ ፈረንሳዩ እጇን ስትዘረጋ ወታደሮቹ ከበሯ ሳይደርሱ ታጥፈው ሄዱ። ያን ዕለት ያፈላችውን ከርከዴ ባዶው ጠርሙስ ውስጥ ሞላች፣ ቡሹን መለሰች፣ አፉን በጧፍ ሰም ደፈነች። ሆድ ከአገር ይሰፋልና ሁለት ዓመት ሆዷ ውስጥ ያዘችው።

ካሳሁን የቡሽ መንቀያውን ወደ ጣልያኑ ሲያዞር እጁን ያዘችው።

"ተወው፣ ካሳሁን። ወይን አይደለም" አለች። ከዚያ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። "ሳልነግረው ሞተ። የሚያቃጥለኝ ይኸ ነው።"

ካሳሁን መንቀያውን አስቀመጠ።

"ኸላስ፣ በቃ፣ አታልቅሺ። ያውቅ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ቡሽ የነቀለ ሰው የጧፍ ሰም ይጠፋዋል? 'ብቻዋን ትቻት ምን ያህል ፈርታ ይሆን' ነው ያለኝ። ብጠይቃት ታፍራለች፣ ራሷ እስክትነግረኝ እጠብቃለሁ አለ።"

ሐመልማል አለቀሰች፣ መሀል ላይም ሳቀች። ወልደሥላሴ የካርቱም ሙቀት እንዳያበላሻቸው ጠርሙሶቹን በጆንያ ጠቅልሎ አልጋ ሥር ያጋድም፣ በየጧቱም ጆንያውን ውሃ ያርከፈክፍ ነበር፤ የሁለቱንም፣ አንድም ቀን ሳያበላልጥ። ይህን እያየች ነው አላወቀም ያለችው። ሰውየው ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ከርከዴ ሲያቀዘቅዝ ኖሯል።

ንጋቱ ከርከዴም ቢሆን ቃላችንን እንጠብቅ፣ እንክፈታት አለ።

"አትከፈትም" አለች ረጋ ብላ። ከፈረንሳዩ የቀረውን ለሁለቱ እኩል ቀዳችላቸው። ከዚያ የጣልያኗን ጠርሙስ አቅፋ መኝታ ቤት ገባች፤ አልጋው ሥር በጎኗ አስተኛቻትና ጆንያዋን ውሃ በእፍኟ እየጨለፈች አራሰችላት።