አሥራ አንድ እርምጃ

"አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ እህቴ። ትንሽ ጨምሪ።"

ሚስተር ክሩም ኦዴሳን ወደ ኋላ ሲመልሷት ይህ አራተኛው ነው። ከጫማ ማደሻ ሱቃቸው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል የሙዚቃ ሸክላ መቅረጽ ከጀመሩ ገና ዓመት አልሞላቸውም፤ ያላቸውም ማይክሮፎን አንድ ብቻ ነው። የአክስቷ ልጅ ላቮን ማይክሮፎኑን ልትስመው ምንም አልቀራት። ሦስተኛዋ ዘፋኝ በርኒስ ከጎኗ አለች። ኦዴሳ ግን ግድግዳው ጋ ደርሳለች። ጥፋቷ ሌላ አይደለም፤ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ስትዘምር የተማረችው የመጨረሻው ወንበር ላይ የሚያንቀላፉትን ሽማግሌዎች መቀስቀስ ነው።

ቴፑ ዞረ፣ ሦስቱም ዘፈኑ፣ የድምፅ መለኪያው መርፌም ወደ ቀዩ የአደጋ ምልክት ዘለለ።

"አቁሙ!" አሉ ሚስተር ክሩም ጆሯቸውን ይዘው። "አንቺ ልጅ፣ መሣሪያዬን ልታቃጥይው ነው እንዴ? ኮሪደሩ ላይ ቁሚ!"

"ቀጥሎ ወንዙን አሻግረው ካናዳ ነው የሚልኩሽ" አለች ላቮን። "የሚገርመው፣ ድምፅሽ ከዚያም ይሰማል።"

ኦዴሳ ለወጉ ፈገግ አለች፤ ወደ ኮሪደሩ ግን እግሯን እየጎተተች ሄደች። ባለፈው ወር እዚሁ አራት ሆነው የገቡት ወንድ ዘፋኞች ሦስት ሆነው እንደወጡ የዲትሮይት ምሥራቅ ሰፈር በሙሉ ያውቃል። አራተኛውም መጀመሪያ የተባለው "እስቲ ኮሪደሩ ላይ ቁም" ነው። እሷና ላቮን በአንድ አልጋ ተኝተው፣ በአንድ ማበጠሪያ ተበጥረው ነው ያደጉት፤ ድምፅ ማዋሃድም የለመዱት እዚያው ብርድ ልብስ ውስጥ ነው። ሸክላው ያለ እሷ ቢወጣ ላቮንን በምን ዓይኗ ታያታለች?

የኮሪደሩም ርቀት አልበቃም።

"መጸዳጃ ቤት ግቢ። በሩን ገርበብ አድርጊው።"

"መጸዳጃ ቤት?"

"አዎ፣ መጸዳጃ ቤት!"

ስትሄድ ቆጠረችው፤ ከማይክሮፎኑ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። መስታወቱ ውስጥ ለፋሲካ የተገዛላትን ቢጫ ቀሚስ አየች። ለዚህ ነው የለበስኩት? ከዚያ ደግሞ ንድድ አላት። የሚያባርሩኝ ከሆነ ሰምተው ያባርሩኝ! የላቮን ድምፅ በበሩ ክፍተት ሲመጣላት ዓይኗን ጨፍና፣ የሰውነቷን ኃይል ሁሉ አውጥታ ለቀቀችው።

ዘፈኑ አለቀ። "አቁሙ" ያለ አልነበረም።

"ነይ፣ ስሚ" አሉ ሚስተር ክሩም ቴፑን እየመለሱ።

መጀመሪያ የላቮን ድምፅ መጣ። ከኋላው ደግሞ ከመጸዳጃ ቤቱ ሴራሚክ ግድግዳ ተላትሞ የሰፋ፣ ሁለቱን ደግፎ ያነሳ ሌላ ድምፅ ተከተለ። ኦዴሳ የማን እንደሆነ ወዲያው አልገባትም።

"ይቺ ደግሞ ማናት?"

"ማን ትሆናለች፣ አንቺ ነሻ ጅል!" አለች ላቮን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ።

"ታዲያ... አልተቀነስኩም?"

"ምን ነካሽ?" አሉ ሚስተር ክሩም። "ያንን የባለፈውን ወር ልጅ የቀነስኩት እኮ የትም ባቆመው ድምፁ አልሰማ ብሎኝ ነው። ላንቺ ከጠዋት ጀምሮ የምፈልገው ድምፅሽን የሚችል ቦታ ነው።"

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ እየሳቀች እንባዋን በቢጫው ቀሚስ ጠረገች። እንዲህ ቀልሏት አያውቅም።

ለሸክላው ሌላኛው ገጽ ሲዘጋጁ ማንም ሳያዛት ተነስታ መጸዳጃ ቤት ገባች። በርኒስ ግን ተከትላት መጣች።

"አንዴ ውጪልኝ፣ ሽንቴ ወጥሮኛል።"

"ጎረቤት ሂጂ" አለች ኦዴሳ፣ በሩን ገርበብ እያደረገች። "ይሄ የኔ ቦታ ነው።"