ረቢአን ማጠብ

ከሚሴ ውስጥ ፎቶ አንሺ ነኝ ማለት ጉርድ ፎቶ አንሺ ነኝ ማለት ነው። ሰው ወደ እኔ ቤት ብቅ የሚለው መታወቂያ ሲያሳድስ፣ ለፈተና ሲመዘገብ፣ ያም ካልሆነ ፓስፖርት ሊያወጣ ሲነሳ ነው። «ጆሮ ይታይ፣ ሻሽሽን ወደ ኋላ አድርጊ፣ አትሳቅ!» እያልኩ ዕድሜዬን ጨረስኩ። የዙሪያችንን የጨፋን ሜዳ ወጣት በሙሉ አሳምሬ ወደ ዓረብ አገር የሸኘሁት እኔ ነኝ ብል ማጋነን አይሆንም። ደርሶ የደወለልኝ ግን የለም።

ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። በሰማንያዎቹ መጨረሻ የኪነት ክበብ ነበረን። ከአስፋልቱ ጀርባ ባለው የቆርቆሮ አዳራሽ ሙህዲን ከበሮ ይመታል፣ ልጆቹ ይጨፍራሉ፣ ድራማው በሁለት ቋንቋ ይካሄዳል። ባል በኦሮምኛ ሲቆጣ ሚስት በአማርኛ ትመልስለታለች፤ ተመልካቹ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እኔ አብዱልጀባር መድረኩ ጥግ ተንበርክኬ አነሳለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ቀን የሰው ጆሮ ስቆጥር ውዬ ማታ ማታ ሰው የምሆነው እዚያ ነበር።

አዳራሹ ደብዛዛ ነው። ፍላሽ ደግሞ አልወድም፤ ፍላሽ የሰውን ፊት የተቀጣ ተማሪ ያስመስለዋል። ስለዚህ ፊታቸው እንዲወጣልኝ ፊልሙን ሳጥብ መድኃኒቱ ውስጥ ከልኩ በላይ አቆየው ነበር። ኔጋቲቭ ላይ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ እንዲህ የቆየ ደግሞ እንደ ከሰል ይጠቁራል። በቀን ብርሃን የማነሳቸው የጉርዶቹ ኔጋቲቮች ግን ሳሳ ያሉ ግራጫ ናቸው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ መዓቱ የገባው በዚህ በኩል ነው።

ልጆቹ ጨለማ ክፍሌ ድረስ እየገቡ ፊልሙ ገመድ ላይ ሲንጠለጠል ያዩ ነበር። «እንዳትነኩ!» እያልኩ እጮህባቸዋለሁ። ምስሉ ያለው ፕላስቲኩ ላይ በተቀባ ስስ ልባስ ውስጥ ነው፤ እርጥብ ሆኖ በጣት ካሹት ይላጣል። «ሲደርቅ ታያላችሁ» እላቸዋለሁ። ከሁሉም በላይ ይህን ቃል የሰማችው ረቢአ ነበረች፤ መጠበቅ አትችልም።

ረቢአ የክበቡ ዘፋኝ ነበረች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ መታወቂያ እንኳ አልነበራትም። ስትዘፍን አንገቷን ወደ ግራ ሰበር ታደርጋለች፣ አንድ ጆሮዋ የሆነ ነገር የሚያዳምጥ ይመስል። እናቷ እማ ፋጡሜ ዘፈኑን እያጉረመረሙም ቢሆን ችለውታል። ፎቶውን ግን በጭራሽ። ስዕል ያለበት ቤት መላኢካ አይገባም ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ካሜራዬን ባነሳሁ ቁጥር ረቢአ በነጠላዋ ትሸፈናለች። የቡድኑ ፎቶ ሁሉ ላይ እሷ አንድ ነጭ ጨርቅ ናት።

የመጨረሻው ትርኢት ላይ ግን አልተሸፈነችም። ከመድረክ ስትወርድ ወደ እኔ መጣች።

«አያ ጀባር፣ አነሳኸኝ?»

«አነሳሁሽ። ምነው ዛሬ?»

«በባቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር ልንወጣ ነው፣ ለማንም እንዳትናገር። ግን ፎቶዋን አታጥባት። እማ እሺ እስክትል ትቀመጥ። አላህ ልቧን ያገራላታል።»

በእኛ አፍ ፊልሙም ይታጠባል፣ ፎቶው ወረቀት ላይ ሲወጣም ይታጠባል ነው የሚባለው። እኔ ፊልሙን አጠብኩ፣ ፎቶውን አላጠብኩም። ያቺን አንዲት ምስል ለብቻዋ ቆርጬ፣ እንዳልስታት ጠርዟን በምላጭ ቀደድ አድርጌ፣ ከክበቡ ኔጋቲቮች ሁሉ ጋር በብስኩት ቆርቆሮ ከደንኳት።

ከዚያ አብራት የሄደች ልጅ ከየመን ደወለች። ጀልባዋ ተገልብጣለች። አስከሬን የለም፣ ከፈን የለም፣ ቀብር የለም። መስጊድ ውስጥ በሌለችበት ተሰገደባት፣ ሰው ለቅሶ ደረሰ፣ አለቀ። ተከትሎ ክበቡም አለቀ። ከልጆቹ ግማሹ በዚያው በባቲ መንገድ ነጎደ። አዳራሹ የማዳበሪያ መጋዘን ሆነ። ሙህዲን ከበሮውን ትቶ ባጃጅ ያዘ። እኔም ዲጂታል ካሜራ ገዛሁ፤ ጨለማ ክፍሌን ባለቤቴ ሙሚና ሽንኩርት ታስቀምጥበታለች።

ዓመታት አለፉ። በሁለት ሺህ ስድስት መስከረም ላይ እማ ፋጡሜ ደጃፌ ላይ ቆሙ። ፎቶ ቤት ገብተው አያውቁም። ግድግዳው ላይ ላሉት ሙሽሮች ጀርባቸውን ሰጥተው በርጩማው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«አካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ። እንዴት ነህ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

«አልሐምዱሊላህ፣ እማ። ምን ልታዘዝ?»

ነጠላቸውን ፈቱ፣ መልሰው ቋጠሩ።

«ፊቷ ጠፋኝ» አሉ በመጨረሻ። «ድምጿ አለ። እጇ አለ። ፊቷ ግን ጠፋኝ። ስሰግድ እፈልገዋለሁ፣ የእህቴ ልጅ ፊት እየመጣ ይደነቀርብኛል። ወላሂ፣ የገዛ ልጄን ረሳሁ።»

ወደ እሳቸው ጠጋ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ሙህዲን አንተ ጋ አለች አለኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ቤቴ አልሰቅላትም፤ አንድ ጊዜ አይቼ እመልስልሃለሁ። ልጄን ያጠባት የለም። ባሕር ነው የበላት። አንተ ጋ ሳትታጠብ አለች አሉኝ። ኢልማ ኮ፣ እጠብልኝ።»

እሳቸው ቃሉን እንዴት እንደሰሙት ያን ጊዜ ሊገባኝ ይገባ ነበር። አልገባኝም። «አጥብልዎታለሁ፣ ኢንሻአላህ» አልኳቸው።

እሳቸው ሲወጡ ከስንት ዓመት በኋላ ሰውነቴ ሞቀ። ሙህዲንን ጠርቼ ቆርቆሮውን ከፈትኩ። እየተቀባበልን ወደ መስኮቱ አነሳን። ሙህዲን ራሱን ከከበሮው ጋር ሲያይ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አዳራሹን ለአንድ ቀን ለምነን እናስለቅቃለን፣ የክበቡን ፎቶዎች ሁሉ እንሰቅላለን፣ ረቢአን መሐል እናደርጋታለን ተባባልን። ለእናቷ ግን ቀድሜ ለብቻቸው አሳያቸዋለሁ። እኔ ሞኙ፣ ነገር የሚቃና መሰለኝ።

የማተሚያ ወረቀትና መድኃኒት ከሚሴ ውስጥ ከጠፋ ቆይቷል። ደሴ አንድ ሽማግሌ ዘንድ የቀረ አለ ሲሉኝ ጥቅምት ላይ አንድ እሑድ በጠዋት ተሳፈርኩ። ሽማግሌው አላሳፈሩኝም። ዕቃዬን ታቅፌ ስመለስ ሐርቡን ካለፍን በኋላ ብርሃኑ ተለወጠ። ሳይመሽ ሜዳው ደበዘዘ፤ የጨፋ ማሽላ አመድ የተነፋበት መሰለ። «ፀሐይ ተያዘች!» አለ ረዳቱ። በሬዲዮ ሲነገር ሰንብቶ ነበር፤ እኔ ስለ ረቢአ ሳስብ ረስቼዋለሁ።

ከሚሴ ስንገባ ከተማው በሙሉ ደጅ ወጥቷል። መስጊድ ያሉት ይሰግዳሉ። ሌላው አንገቱን ወደ ሰማይ አንጋጦ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥቁር ቁራጭ ነገር ይዞ ያያል። ባለሱቁ፣ ጫት ሻጯ፣ ተማሪው፣ ሁሉም። እንዴት ያለ ፎቶ ይሆን ነበር ብዬ አሰብኩ። የሠፈሬ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ሲያይ አይቼ አላውቅም። ከሚኒባሱ ወርጄ ከአንዱ ተማሪ እጅ ቁራጯን ተቀብዬ አየሁ። ከተያዘችው ፀሐይ ፊት የሙህዲን ከበሮ ነበር። ግማሹ።

ሙሚና በሩ ላይ ቆማ ጎረቤቱ ሁሉ እየመረቃት አገኘኋት። ደስ ብሏታል።

«እንኳን መጣህ! ሬዲዮው በባዶ ዓይን እንዳታዩ አለ፣ ሰው ሁሉ ኔጋቲቭ ፍለጋ ወደ ፎቶ ቤት ሮጠ። ባለፈው ፀሐይ ስትያዝ አንተም የጉርዶቹን ኔጋቲቭ ስታድል አይቼ አልነበር?»

«ጉርዶቹን ሰጠሻቸው?»

«እነሱማ ሳሱ። ጠቆር ያለ ይሁን ተብሏል። የብስኩቱ ቆርቆሮ ውስጥ ያሉት ጥሩ ጥቁር ናቸው። ለሁሉም እንዲዳረስ በመቀስ ቆራረጥኩላቸው።»

ጮህኩባት። ሰው ፊት፣ አፌ ያመጣልኝን ሁሉ። እሷ ግራ ገባት፣ ቀጥሎ አለቀሰች።

«የሰው ዓይን እንዳይጠፋ ብዬ ነው እኮ» አለች።

እውነቷን ነው። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ የምወቅሰው ሰው እንኳ የለኝም። እንዲያ ያጠቆርኳቸው እኔ ነኝ፣ ፊታቸው እንዲወጣ ብዬ።

ፀሐይ ስትፈታ ሰው ቁራጩን መንገድ ላይ እየጣለ ገባ። እኔና ሙህዲን ጎንበስ ብለን ለቀምን። ባጃጅ የሄደበት፣ ፍየል ያኘከው፣ ጭቃ የበላው። አንድ እግር አገኘን፣ አንድ የተዘረጋ ክንድ፣ አፉን የከፈተ ባል፤ ሚስቲቱ የለችም። ሙህዲን ሁሉንም ኮፍያው ውስጥ ሰብስቦ ባጃጁ ውስጥ አስቀመጠ። በምላጭ የተቀደደችዋ አልተገኘችም።

ሙሚና ዓይኗን እየጠረገች መጣች። «እማ ፋጡሜም መጥተው ነበር። ታጠበች ወይ ብለው ሊጠይቁህ። የለም አልኳቸው። ለእሳቸውም አንድ ሰጠኋቸው።»

«የምን? ምን ዓይነት?»

«ሙሉ ነበረች፣ አልቆረጥኳትም። ጠርዟ ቀደድ ያለች።»

ያዝኳትና ግንባሯን ሳምኳት። ረቢአ ተርፋለች! የቀረው ሁሉ ይቅር፣ ክበቡም ይቅር፣ እኔም ልቅር። ሲነጋ እማ ፋጡሜ መንደር እሄዳለሁ፣ ማታውኑ አጥባታለሁ። ሽንኩርቱን ከጨለማ ክፍሉ አወጣሁ፣ ገመዱን ወጠርኩ፣ መቆንጠጫዎቹን ጠረግሁ።

እሳቸው ቀደሙኝ። ገና ሱቄን ስከፍት ደጃፉ ላይ ነበሩ። ፊታቸው በርቷል፤ ከልጅቱ ሞት ወዲህ እንዲህ አይቻቸው አላውቅም።

«አገኘኋት!» አሉኝ ሰላምታ ሳያስቀድሙ። «ባለቤትህ የሰጠችኝን ወደ ፀሐይ ሳነሳ አንገቷን አየሁት። ሰበር አድርጋ። ወላሂ፣ አንገቷ ነው! ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ናት። ግን ጠቁራብኝ፣ ፀጉሯ ደግሞ የአሮጊት፣ ነጭ። ቀይ ልጄ እንዲህ የሆነችው ሳትታጠብ ስለቀረች ነው አልኩ። ታዲያ አንተን ለምን አደክማለሁ? እናቷ እያለሁ።»

የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ከውስጡ እርጥበት የነካው ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ወጣ። ጨርቁን በቀስታ ገለጡት።

«እንደ ወጉ ሦስት ጊዜ አጠብኳት። ለብ ባለ ውሃ፣ በሳሙና፣ በጣቴ እያሸሁ። መጀመሪያ አልለቅ ብሎ ነበር። ኋላ ጥቁሩ ሁሉ ለቀቀላት። ይኸው፣ ጥርት አለች።»

ተቀበልኳቸው። ጠርዟ በምላጭ ተቀዷል። ወደ በሩ ብርሃን አነሳኋት። በውስጧ አሻግሬ አስፋልቱን አየሁ፣ የሙህዲንን ባጃጅ፣ ወደ ሰንበቴ የሚወርደውን አውቶቡስ። ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል። ሌላ ምንም የለባትም፤ እንደ መስኮት መስታወት ባዶ ናት። ሙሚና ከኋላዬ አፏን በእጇ ያዘች።

«መልኳስ?» አሉኝ እማ ፋጡሜ። «መቼ ነው የሚወጣው?»

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ዓይናቸውን አየሁ። ልጃቸውን አጥበው የመጡ እናት ናቸው፤ እጃቸው ገና ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

«ሲደርቅ» አልኳቸው።

ወደ ጨለማ ክፍሉ ገብቼ ትናንት በወጠርኩት ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሰቀልኳት። ስወጣ እማ ፋጡሜ በርጩማውን ወደ በሩ አዙረው ተቀምጠዋል።

«ቤት እንሂድ፣ ቁርስ ይቅመሱ» አለቻቸው ሙሚና።

«አይ፣ ልጄ» አሉ። «ስትደርቅ አይቻት ነው የምሄደው።»