የኮቱ ቅጥር

ሐሙስ ጠዋት የእኔ ኮት ቋሚ ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። እኔ ጊዜያዊ ነኝ።

ስሜ ይግዛው ነው፤ መዝገብ ቤት ከገባሁ ዓመት ከሦስት ወር ሊሞላኝ ነው። ውሌ በየሦስት ወሩ ይታደሳል፤ በታደሰ ቁጥርም «የሚቀጥለው ቋሚ አንተ ነህ» እባላለሁ። በመሥሪያ ቤታችን ኮቱ ወንበሩ ላይ ካለ ሰውየው አለ ማለት ነው። ስለዚህ እኔም እንደ ሰዉ ጠዋት ኮቴን እሰቅልና ውልቅ እላለሁ። የምወጣው ግን ለሻይ አይደለም፤ የቋሚ ሥራ ማስታወቂያ ላነብ ነው። ኋላማ ማታም እዚያው አሳድረው ጀመር።

ያን ዕለት ስመለስ የሰው ሀብት ኃላፊያችን ወይዘሮ ዘነቡ ደብዳቤ ኮቱ ኪስ ውስጥ ሲከቱ ደረስኩ።

«የኔ ነው?» አልኳቸው።

«የሱ ነው።»

«ኮት እኮ ነው!»

«ይግዛው፣ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ከወንበሩ ሲነሳ አላየሁትም። አንተን ግን መቼ ፈልጌ አግኝቼህ አውቃለሁ?»

አልዋሽም፣ በቅናት ተንጨረጨርኩ። ከሰልባጅ ክምር መርጬ ያወጣሁት እኔ! የወለቀ ቁልፉን የተከልኩለት እኔ!

ሰኞ መታወቂያ ተሰጠው። ፎቶው ላይ አንገትጌው ብቻ ይታያል። ባልደረቦቼ እጅጌውን እየጨበጡ «እንኳን ደስ አለህ» አሉት፤ እኔ ፋይል እንዳመላልስለት ታዘዝኩ። ከቀን ወደ ቀን ትከሻው እየሞላ ሄደ። ደልቶታል።

ማታ ለባለቤቴ ለአስካለ ነገርኳት።

«እና ቋሚ የሆነው ኮቱ ነው?»

«አዎ።»

ትንሽ አሰበች። «ታዲያ አንድ ቀን እራት ጥራዋ» አለችና ካውያውን ታጸዳ ጀመር። ለእኔ ሸሚዝ ካውያ አንስታ አታውቅም።

ዓርብ ውሌ አለቀ። ወይዘሮ ዘነቡ መደቡ ስለተሞላ እንደማይታደስ ነገሩኝ። ከምሳ በኋላ መታወቂያዬን መልሼ እንድሄድም አዘዙኝ።

ሰዉ ሁሉ ምሳ ሲወጣ ተመልሼ ገባሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ኮቱን ለብሶ ወንበሩ ላይ ቁጭ ማለት። የገዛ ኮቴ ነው፣ ማን ይለየናል?

ቀኝ እጄን እጅጌው ውስጥ ሰደድኩ። ክርኑ ጋ ስደርስ ሞቅ ያሉ ጣቶች ያዙኝ። በጨዋ ደንብ ጨበጡኝ፣ ከዚያም ቀስ አድርገው እጄን ወደ ውጭ መለሱት።

«ይቅርታ ወንድም፣ ሰው አለበት» አለ ከአንገትጌው ውስጥ የራሴ ድምፅ።