የቀላው ስም

ሰኞ ጠዋት የማር አምራቾች ማኅበሩ ድረ ገጽ አፈረ። የጌታሰው ስም ባለበት ቦታ ሁሉ ፊደሉ ደም እንደ ሞላው ጉንጭ ቀልቶ ተገኘ። የሌሎቹ ሠራተኞች ስም እንደ ወትሮው ጥቁር ነበር።

ገጹን የሠራችው የማኅበሩ ሠራተኛ የዝና ናት፤ ቀይ ቀለም አላዘዘችም። ሥራ አስኪያጇ ገጹ በአራት ሰዓት ለጠቅላላ ጉባኤው በግድግዳ ላይ እንደሚታይ አስታውሳት፣ እንዲያግዛት የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛውን ላከችላት። ጥገና ሠራተኛው ራሱ ጌታሰው ነው።

የዝና ጌታሰውን መውደድ ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ለማንም አልተናገረችም፤ ለንስሐ አባቷ እንኳ «ሐሳብ ይበዛብኛል» ብላ ነው ያለፈችው። በሁለት ዓመት ብትበልጠውም አንቱ ትለዋለች። እሱም ያለ ዕድሜዬ ሽማግሌ አደረግሽኝ እያለ ይቀልድባታል።

ጌታሰው ወንበር ስቦ በግራዋ ተቀመጠና የብራውዘሩን መመርመሪያ ከፈተ። መመርመሪያው አንድ ቀለም ከየትኛው ፋይል፣ ከስንተኛው መስመር እንደ መጣ ይናገራል። የዝና የጻፈችው «ጥቁር ይሁን» የሚለው ትእዛዝ በቦታው አለ፤ ግን ተሰርዞበታል። ከበላዩ የፋይል ስም የሌለው ሌላ ትእዛዝ ተቀምጧል፤ የተወረሰ ነው ይላል። በደንቡ የተወረሰ ትእዛዝ በቀጥታ የተጻፈውን አያሸንፍም። ይኸኛው አሸንፏል። የተወረሰበትም ቦታ ተጽፏል፦ በቀኝ ከተቀመጠችው።

ጌታሰው ወደ ቀኙ ዞረ።

«ካንቺ ነው የሚመጣው» አለ፣ የተበጠሰ ገመድ እንዳገኘ ሰው።

«ይሆናል።»

«መቼ የተጻፈ ነው?»

«ንብ እጅዎን የነደፈዎ ዕለት። መርዙን ያወጣሁልዎ እኔ ነኝ።»

ጌታሰው ትንሽ አሰበ። እጁ ማበጡ ትዝ ይለዋል፤ የእሷ ፊት ግን ትዝ አላለውም። ይህንንም ሳይደብቅ ነገራት።

ከትእዛዙ ጎን ትንሽ ሳጥን አለች፤ ውስጧ ያለው ምልክት ከተነሣ ትእዛዙ ይሻራል። ለአራት ሰዓት አምስት ደቂቃ ይቀራል። ከአዳራሹ ወንበር ሲጎተት ይሰማል።

«እኔ ቢቆይ አይከፋኝም» አለ ጌታሰው። «ምን ይሁን?»

የዝና ጉባኤተኛውን አሰበች። ከፊት ወንበር የማይጠፉትን አጎቷንም አሰበች።

«ያጥፉት» አለች።

አጠፋው። ስሙ ጠቆረ። እሱም ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰና፣ ለዚያ ለንቡ ዕለት እርዳታዋ አመስግኖ እንግዳ እንደሚሰናበት እጅ ነሥቷት ወጣ። ጉባኤው ገጹን አይቶ አጨበጨበ፤ ለየዝናም የምስጋና ደብዳቤ እንዲጻፍላት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

የዝና ወደ ቤቷ ስትሄድ በቢሮው ጀርባ ያለችው ጎረቤት በሰሌን ላይ በርበሬ አስጥታ ነበር። በርበሬው ቅላቱ አብሮ የተሻረ ይመስል እንደ ጥጥ ነጥቷል። ሴትዮዋ ግን በመዳፏ ቀስ እያለች ታገላብጠዋለች፣ በደንብ እንዲደርቅ። ቀና ብላ እንደምን ዋልሽ አለቻት፤ ምላሷም ነጭ ነበር።