በር የሚጠብቅ እሳት

«ጠፍቷል ብዬ ነው እኮ ያስገባሁት» ይላል የወንድ ድምፅ። «ዝም በል! ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» ትለዋለች እናቱ። ሌላም ተባብለው ነበር፤ ዝናቡ በላው። አፀደ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሆና ከእነ ለገሰ ቤት ጣራ ሥር ተጠልላ ነበር። የለገሰ ታናሽ ወንድም ግዛቸው የማር ቤቱን በር ከፍቶ እሳት ከበላው ሦስተኛ ቀኑ ነበር። የማንኪራ መንደር በሙሉ «ሰይጣን ወጣበት» አለ። እሷም አመነች፤ ወይም ያመነች መሰላት።

ዛሬ የማንኪራ ትምህርት ቤት ጥበቃ ናት። ሰኞ በእረፍት ሰዓት፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለው የጋሽ ለገሰ ማር ቤት በየስንጥቁ ጭስ ሲተፋና መልሶ ሲስብ አየች። ነበልባል የለም። ልጆቹ ማሩን እናድን ብለው ወደ በሩ ሲሮጡ ዱላዋን አንሥታ መለሰቻቸው። ጥቂት ቆይቶ የጣራው ቆርቆሮ ተገነጠለና እሳቱ እያጓራ ወጣ።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ለገሰ አመዱ አጠገብ ቆመው፣ «የድሮው ሰይጣን ነው የተመለሰው» ሲሉ ልጆቹ ከበው ያዳምጣሉ። አፀደ ደሟ ፈላ።

«ልጆች፣ ወደዚህ!» አለች። «እሳት እንደናንተ አየር ይፈልጋል። በር ሲዘጋበት ያለውን አየር ይጨርስና ነበልባሉ ይጠፋል፤ ግለቱና ጭሱ ግን ውስጥ ናቸው። በሩን ስትከፍቱለት አየር ይገባለታል፤ ያኔ እንደ ጥይት ነው የሚመጣባችሁ። መስኮት ከጠቆረ፣ ጭስ ገባ ወጣ ካለ፣ አትንኩ! ሩጡ፣ ትልቅ ሰው ጥሩ።»

«እትዬ፣ ማሩስ?» አለች ሃሌሉያ።

«ይቃጠል! ንብ ሌላ ይሠራል። አንቺን ማን ይሠራሻል?»

ልጆቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ደወል ተደውሎ ልጆቹ ክፍል ሲገቡ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ንብ የሚያጨሱበትን ችቦ ውሃ ውስጥ ሳይነክሩ ከሰፈፉ ጋር ማር ቤት አስገቡት፤ አይደለም?»

«መሬት ላይ አሽቼዋለሁ። አባቶቻችንም እንደዚሁ ነው ሲያደርጉ የኖሩት።»

«ያኔም አሽተውት ነበር?»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «አንቺ ልጅ ነበርሽ፤ ምን ታውቂያለሽ?»

«ጣራችሁ ሥር ነበርኩ፣ ጋሽ ለገሰ። ‹ጠፍቷል ብዬ ነው› ሲሉ ሰምቼ ዝም አልኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ትናንት አርባ ልጅ ወደዚያ በር ሮጠ! ሰይጣን የራሱ ኃጢአት ይበቃዋል፤ የእርስዎን አያሸክሙት።»

አመዱን በከዘራቸው ጫር ጫር አደረጉ።

«እናቴን ቀበርኳት እንጂ ቃሏን አልቀበርኩትም» አሉ። «ወንድሙን ገደለ ይሉኛል።»

«ይበሉ! ልጅ ከሚቀበር ስም ይቀበር።»

ከክፍል ውስጥ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ሲያነቡ ይሰማል።

«ነገ በሰልፉ ሰዓት ግዛቸውን እንዴት እንዳጣሁት ራሴ እነግራቸዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ችቦውን እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ አንቺ ውሃ በባልዲ ቅጂልኝ። ስነክረው ይዩ።»